ተሸናፊ በሰላም የሚያድርባትን ከተማ እናቁም፦ ለመቀሌ ነዋሪዎች የቀረበ ጥሪ

ከኅዳር 2013 እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ አምስት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በመቀሌ የትግራይ ክልል አስተዳዳሪ አምስት ጊዜ ተቀያየረ። በጦርነቱ መነሻ ዶክተር ሙሉ ነጋ በፌዴራል መንግሥት ተሹመው መጡ። ከወራት በኋላ ዶክተር አብርሃም በላይ ተተኩ። ሰኔ 21 ቀን 2013 የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ሲይዙ በዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል ይመራ የነበረው አስተዳደር ተመለሰ። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በመጋቢት 2015፣ አቶ ጌታቸው ረዳ የጊዜያዊ አስተዳደሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመጋቢት 2017 መጨረሻ ደግሞ ቦታውን ሌተናል ጀነራል ታደሰ ወረደ ተረከቡ። ከእነዚህ አምስት ለውጦች አንዱም የተካሄደው በድምፅ መስጫ ሳጥን አይደለም።

ይህን የማነሳው ከአምስቱ የትኛው ይሻል እንደነበር ለመዳኘት አይደለም። የማነሳው እያንዳንዱ ለውጥ ለእኛ ለነዋሪዎቹ የደረሰን ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። አንዱን በመድፍ ድምፅ፣ ሌላውን በደስታ ተኩስ፣ ሌላውን በመግለጫ ሰማን። ማን እንደሚያስተዳድረን ተነገረን እንጂ ማን ያስተዳድራችሁ ተብለን አልተጠየቅንም። የመንግሥት ለውጥ የጦር አዛዦችና የፓርቲ መሪዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ፣ የሚመጣውም ለውጥ ዋጋው የሚከፈለው በልጆቻችን ሕይወት ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ አንድ ነው። ሥልጣን ያጣ ሰው ሕይወቱን፣ ቤቱንና ክብሩን የማያጣባት፣ ሥልጣን የያዘ ሰውም ከመጠየቅ የማያመልጥባት መቀሌ እናቁም። እንዲህ ያለች ከተማ በአዋጅ አትመጣም። የምትቆመው ነዋሪዎቿ በየሥራ ቦታቸውና በየሰፈራቸው የሚፈቅዱትንና የማይፈቅዱትን ለይተው ሲያውቁ ነው።

መውረድ ለምን ሞት ሆነ

መቀሌ ከተማ የሆነችው በሥልጣን ታሪክ ውስጥ ነው። ደጃዝማች ካሳ ምርጫ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው፣ በጥር 1864 አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። ኋላም መቀሌን መናገሻቸው አደረጓት፤ ያሠሩት ቤተ መንግሥት የከተማዋ መለያ ሆኖ ቀርቷል። ተሸናፊው ተክለ ጊዮርጊስ ግን እስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ዮሐንስም በመጋቢት 1881 መተማ ላይ በጦር ሜዳ ወደቁ። ከእነርሱ በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን አጥፍተዋል። ከእነርሱ በኋላ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ቀሪ ዘመናቸውን በእስር ጨረሱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1967 ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ዓመቱ ሳይሞላ ተገደሉ። ደርግን በሊቀ መንበርነት የመሩት ጀነራል አማን አንዶምና ጀነራል ተፈሪ በንቲ የጠፉት በገዛ ጓዶቻቸው ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣን ለቅቀው በሰላም መኖር የቻሉት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ በ2010 የለቀቁት በሕዝብ ተቃውሞ መካከል እንጂ በምርጫ ተሸንፈው አይደለም። በኢትዮጵያ በድምፅ የተሸነፈ መንግሥት አገሩን ለአሸናፊው ያስረከበበት አንድም ቀን የለም።

ከዚህ ታሪክ እያንዳንዱ ባለሥልጣን የሚማረው መውረድ ማለት መጥፋት መሆኑን ነው። ሲወርድ እንደሚጠፋ የሚያምን ሰው ደግሞ በፈቃዱ አይወርድም። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የታዘቡት ስግብግብነትን ብቻ አይደለም፤ ከሹመት በኋላ የሚጠብቀው ምንም ነገር እንደሌለ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዘመዱን ይሾማል፣ መሬት ይይዛል፣ መሣሪያ ያከማቻል፣ ተቺውን ያስራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ በስብከት አይለቀውም። የሚለቀው ተሸንፎ በሰላም የሚኖር ሰው ሲያይ ብቻ ነው።

ይህ ፍርሃት የሚበላው ሹመኛውን ብቻ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የተመራው ቀዳማይ ወያነ የተነሳው በግብር ጫናና በሹማምንት በደል ነበር። የወጀራት፣ የራያና የእንደርታ ገበሬ ተነሥቶ እስከ መቀሌ ደረሰ። መልሱ የመጣው ከሰማይ ነው፤ በመስከረም 1936 ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ደበደቡ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ባላገሩም ከባድ ቅጣት ወረደበት። በዳኛ ፊት ሊታይ የሚችል የግብርና የአስተዳደር አቤቱታ ጦርነት የሆነው፣ በአቤቱታና በጠብመንጃ መካከል ሌላ በር ስላልነበረ ነው። ያ በር እስከ ዛሬ በወጉ አልተከፈተም።

ሥልጣን በምን ይቆያል

ማንም መንግሥት በጠብመንጃ ብቻ አይቆምም። የሚቆመው ብዙ ሰዎች በየቀኑ በሚሰጡት ትብብር ነው፦ ግብር በሚከፍለው፣ ደብዳቤ በሚጽፈው፣ ማኅተም በሚመታው፣ ስንቅ በሚያቀብለው፣ ዝም ብሎ በሚያሳልፈው። የካቲት 11 ቀን 1967 ደደቢት ላይ የጀመረውን የሕወሓት የትጥቅ ትግል ያኖረው የገበሬው እንጀራና በየመንደሩ የቆመው ባይቶ፣ ማለትም የሕዝብ ምክር ቤት፣ ነበር። ደርግ ይህን ትብብር አጥቶ በአውሮፕላን ሊተካው ሞከረ፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 የሐውዜንን ገበያተኛ በቦምብ ፈጀ። ከስምንት ወር በኋላ ሠራዊቱ ሽሬ ላይ ተሰብሮ መቀሌን ለቅቆ ወጣ። ሕዝብ ትብብሩን የነሳው መንግሥት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከትግራይ ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘበት ከግንቦት 1983 በኋላ ግን ያው ትብብር በሌላ መንገድ ተያዘ። የፓርቲ አባልነትና የመንግሥት ሥራ ተቆላለፉ። ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ለአምስት ተጠረነፈ። ባለሥልጣንን መጠየቂያ ሊሆን ይችል የነበረው ግምገማ ካድሬ ካድሬን የሚያነሣበትና የሚጥልበት መድረክ ሆነ። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ቢያገኝም ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ። የታሰሩት ታሰሩ፤ በዚያ ዓመትና በተከታዩ ሁከት 193 ሰዎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጠረ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። ያ ሁሉ ወንበር መንግሥቱን አላጸናውም፤ በሦስተኛው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ፣ በአምስተኛው ኢሕአዴግ ራሱ ፈረሰ።

እኛስ? ጳጉሜን 4 ቀን 2012 በትግራይ ምርጫ ተካሄደ። ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ድምፁን የሰጠውን ሕዝብ የሚነቅፍ ካለ ተሳስቷል፤ ያ ሰልፍ በራስ ጉዳይ ራስ ለመወሰን የተደረገ ነበር። ፌዴራል መንግሥቱ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ አራዝሞ ነበርና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ዋጋ የለውም አለ። ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰ፤ ሁለቱም የሚቀበሉት ዳኛ ግን አልተገኘም። በዚያ ምርጫ ሕወሓት 98.2 በመቶ ድምፅ አገኘ። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን በክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብሎ በሥልጣን የሚጠይቅ ጠንካራ ተቃዋሚ አልነበረም። ያ ጥያቄ ከፌዴራሉም ምክር ቤት አልተሰማም። ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ለገዢው ምቹ ይመስላል፤ ለሕዝቡ ግን አደጋ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ሰው አይተውለትም።

መንግሥት በሌለበት ያቆማት ማን ነው

ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 በመቀሌ ባንክ ዝግ፣ ስልክ ዝም፣ መደበኛ በረራ የለም። በዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ያለ ደመወዝ፣ መድኃኒት እያለቀ፣ ለታካሚ የሚቀርብ ምግብ እንኳ እየጠፋ ሠሩ። የመምህራን የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ ከጦርነቱም በኋላ ያልተዘጋ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ከቀያቸው የተፈናቀሉትን ያስጠጉት ዘመድና ጎረቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የትምህርት ቤት ክፍሎችም ነበሩ። ያን ጊዜ ከተማዋን ያቆማት አንድም ቢሮ አልነበረም፤ ያቆማት ነዋሪው ነው። ከተማዋን በችግሯ ቀን የተሸከመ ሕዝብ ማን እንደሚመራት የመጠየቅ መብቱን ማንም አልሰጠውም፣ ማንም ሊነሣውም አይችልም።

ነገር ግን ሰላም ከመጣ በኋላ ያንን መብት ሳንጠቀምበት ቀረን። በነሐሴ 2016 የሕወሓት 14ኛ ጉባኤ ከተካሄደ ወዲህ ክፍፍሉ ከፓርቲ ወደ መንግሥት ቢሮ ገባ። መቀሌ ከንቲባ ነኝ የሚሉ ሁለት ሰዎች ያሏት ከተማ ሆነች። በጥር 2017 ከፍተኛ የጦር አዛዦች በፖለቲካው ክፍፍል አቋም ያዙ። በመጋቢት 2017 በዓዲግራትና በመቀሌ የአስተዳደር ቢሮዎች በኃይል ተያዙ። ነዋሪው ጦርነት ዳግም ሊመጣ ነው ብሎ ገንዘቡን ለማውጣት ባንክ ላይ ተሰለፈ። ሁለት ሹማምንት በአንድ ወንበር ሲጣሉ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ ወይም የቤት ካርታ የሚፈልገው ሰው የየትኛው ማኅተም ነገ እንደሚጸና አያውቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው መንገድ ውጭ ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። ያንን ክልከላ የሚያስከብረው በቅድሚያ ትእዛዙን ለመፈጸም እምቢ የሚል ሠራተኛና ነዋሪ ነው።

የየድርሻችን ሥራ

እናንት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከሁሉ በፊት የምለምነው እናንተን ነው። ሹማምንት ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ መዝገቡ ግን በእናንተ እጅ ይቆያል። የጽሑፍ ትእዛዝ ሳይኖር ማኅተም አታስረክቡ፣ ፋይል በሌሊት አታውጡ። ርክክብ ሲሆን በቆጠራና በፊርማ ይሁን፤ የአሮጌውም የአዲሱም ሹም ስም በዚያ ላይ ይኑር። አንድን ሠራተኛ በፓርቲ ወገንተኝነቱ ከቦታው ማንሣት ሲጀመር፣ ተራው የእሱ ብቻ እንደማይሆን አውቃችሁ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ።

እናንት መሣሪያ የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከተማችን ባለዕዳችሁ ናት፤ ብዙዎቻችሁ አካላችሁን ሰጥታችኋል። የሠራዊት ክብር ግን ቢሮ ደጃፍ ላይ ያልቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በትጥቅ መግባት ለየትኛውም ወገን ቢሆን፣ የመረጥነውን ሰው ወይም ገና የምንመርጠውን ሰው መሻር ነው። እኛም ነዋሪዎቹ በበኩላችን ትጥቅ ፈትቶ ወደ ሰፈሩ ለሚመለስ ታጋይ ሥራና ቦታ የመስጠት ግዴታ አለብን። ነጋዴው ይቅጠረው፣ ማኅበሩ ይቀበለው፣ ሥልጠና የሚሰጥ ያሠልጥነው። ሥራ ያጣ ታጣቂ ለሚቀጥለው ሥልጣን ፈላጊ በርካሽ የሚገኝ ኃይል ይሆናል።

የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ መሪዎቹን ለማስታረቅ ደጋግማችሁ ሞክራችኋል። አሁን የምንጠይቃችሁ ከጠቡ በኋላ ሳይሆን ከምርጫው በፊት እንድትቀመጡ ነው። የሚወዳደሩትን ሁሉ ሰብስባችሁ በሕዝብ ፊት አንድ ቃል አስገቧቸው፦ ያሸነፈ ተሸናፊውን አያሳድድ፣ ቤቱን አይውረስ፣ ልጁን ከሥራ አያባርር፤ የተሸነፈም ጫካ አይግባ፣ ቅሬታውን ለፍርድ ቤት ያቅርብ። ይህ ቃል በዝግ አዳራሽ ከተሰጠ ይረሳል፤ በአደባባይ ከተሰጠ ግን ያፈረሰው ሰው ከሕዝብ ዓይን አይሰወርም። በደል የፈጸመ በሕግ ይጠየቅ፤ በምርጫ መሸነፍ ግን ወንጀል እንዳልሆነ ከእናንተ አንደበት እንስማ።

የትግራይ ጋዜጠኞች፣ ለተሸናፊ እኩል ሰዓት ስጡ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ብቻ የሚናገርበት ሬዲዮ ሥልጣን የሌለውን ሰው ሬዲዮ ጣቢያውን እንዲመኝ ያደርገዋል። በመጋቢት 2017 ሬዲዮ ጣቢያም ከተያዙት ቦታዎች መካከል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወጣቶች፣ የማንም የጡንቻ ክንፍ አትሁኑ። የምርጫ ታዛቢነት፣ የድምፅ ቆጠራ፣ የውጤት ወረቀትን በየምርጫ ጣቢያው ግድግዳ ላይ አይቶ መመዝገብ የእናንተ ሥራ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ የጣቢያውን ውጤት ፎቶ አንሥቶ ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ቢያመሳክር፣ በጨለማ የሚለወጥ ቁጥር ቦታ ያጣል።

እያንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ የጣቢያ (የቀበሌ) እና የቀጠና ስብሰባ ሲጠራ ይሂድ። ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቅ፦ በማን ተሾምክ? ሹመትህ መቼ ያበቃል? ለሰፈራችን የተመደበው በጀት ስንት ነው፣ በምንስ ላይ ዋለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። ከላይ ያለውን ወንበር ወዲያው መድረስ ላንችል እንችላለን፤ የጣቢያው ወንበር ግን በእግር ከሚደረስበት ቦታ ነው። መሪን በሰላም መጠየቅና በሰላም ማውረድ እዚያ ይለመድ።

በትምህርት ቤቶችና በሰብዓ ካሬ መጠለያ ድንኳኖች ውስጥ ያሉ ተፈናቃዮችንም ሳናካትት ስለ ምርጫ አንናገር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጊዜያዊ አስተዳደሩን ያቋቋመው በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሥር ምርጫ እስኪደረግ ድረስ ነው። ወደ ቀዬው ያልተመለሰ ሰው ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት ካልተዘጋጀ ግን፣ ያ ምርጫ አንዱን የሕዝብ ክፍል ገና ከመጀመሪያው ተሸናፊ ያደርገዋል፤ እንዲህ የተሸነፈ ሰው ደግሞ ውጤቱን የሚቀበልበት ምክንያት የለውም። የመመለሳቸውን ጉዳይ ከምርጫው ጋር አንድ ላይ መጠየቅ የመቀሌ ነዋሪ ግዴታ ነው፤ ከእነርሱ ጋር አንድ ጓሮ የምንኖር እኛ ነንና።

ይቻላል

ይህ ለአፍሪካ የማይሆን ምኞት ነው የሚል ካለ ማላዊን ይመልከት። በግንቦት 2011 የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የውጤት ወረቀቶች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሰርዘው ተገኙ። ሕዝቡ ለወራት አደባባይ ወጣ። ዳኞቹ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሰው ችሎት ገቡ፤ በጥር 2012 ምርጫውን ሰረዙት። በሰኔ 2012 ምርጫው በድጋሚ ሲካሄድ ላዛሩስ ቻክዌራ አሸነፉ፣ ፕሬዚዳንቱ ፒተር ሙታሪካም ወረዱ። ሙታሪካ አልታደኑም፣ አልተሰደዱም። በመስከረም 2018 ምርጫ ደግሞ ሙታሪካ ተመልሰው አሸነፉ፤ ቻክዌራም ሽንፈታቸውን በይፋ ተቀበሉ። ማላዊ ሀብታም አገር አይደለችም። ያላት ነገር ዛሬ የተሸነፈ ሰው ነገ መመለስ እንደሚችል የሚያምን ፖለቲከኛ፣ ምርጫውን የሚጠብቅ ሕዝብና በፖለቲካው ውስጥ ያልገባ ሠራዊት ነው። እኛ የምንፈልገውም ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በውጭ አገርም ይህን ለምታነቡ ወገኖች፣ ጥሪው እናንተንም ይመለከታል። መቀሌ ላይ መንግሥት በኃይል ሲለወጥ አዲስ አበባ ደስ ካላት፣ ነገ ተመሳሳዩ በራሷ ላይ ሲመጣ የምትጠራው ሕግ አይኖራትም። ፌዴራል መንግሥቱ የገባውን ቃል እንዲፈጽም፣ ክርክራችን በምርጫና በፍርድ ቤት እንዲያልቅ ጠይቁ። በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ደግሞ ገንዘባችሁን ለአንድ ወገን መሣሪያና ፕሮፓጋንዳ አታውሉት፤ ለምርጫ ታዛቢ ሥልጠና፣ ለትምህርት ቤትና ለተፈናቃይ መመለሻ አውሉት።

የመቀሌ ሰዎች ሆይ፣ ዛሬ የምንጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም፤ በእጃችን ያለውን ማስከበር ነው። በመጪው የጣቢያ ስብሰባ ተገኙና ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። በመሥሪያ ቤታችሁ ያለ ሕጋዊ ርክክብ ማኅተም እንዳይተላለፍ ዛሬውኑ ተማማሉ። የምትደግፉት ሰው ሲሸነፍ ሽንፈቱን እንዲቀበል፣ የምትቃወሙት ሰው ሲሸነፍም ማንም እንዳይነካው የምትቆሙለት መሆናችሁን ለጎረቤቶቻችሁ ተናገሩ። ይህን አስር ቤት ቢያደርገው ልማድ ይጀመራል፤ ጣቢያ ሙሉ ቢያደርገው ሥርዓት ይሆናል፤ ከተማዋ ሁሉ ካደረገችው በመቀሌ ለሥልጣን ሲባል ሌላ ልጅ የሚሞትበት ምክንያት አይኖርም።